ጋሼ የተዉልን ሥራ፦ የአሮጌ ባቡር ጠባቂን በምን እናስታውስ?

አሮጌ ባቡር የሚጠብቅ በጎ ፈቃደኛ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ፎቶው ይታተማል፣ ጥቁር ጥብጣብ ይዞርበታል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ክፋት የለውም። ግን በዚያው ሳምንት ማንም ልብ የማይለው ነገር መጥፋት ይጀምራል፦ የትኛው ቁልፍ የየትኛው መጋዘን እንደሆነ፣ የትኛው ፉርጎ ሥር ውሃ እንደሚያቁር፣ በየቆርቆሮው ያለው ብሎን ከየትኛው ሎኮሞቲቭ እንደተፈታ። ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ በአሮጌው የምድር ባቡር ጊቢ ከጡረታ በኋላ ያለ ክፍያ ሲለፉ የኖሩ አንድ ባለሙያን ለማስታወስ ነው። ስማቸው እንዲወጣ ቤተሰባቸው ስላልፈለገ ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር ልጆቹ ሁሉ «አንተ» ነበር የሚሏቸው፤ እሳቸውም የሚመቻቸው እሱ ነበር። የምንጽፈው ስለ ደግነታቸው ሳይሆን ስለ አሠራራቸው ነው፤ ሌላ ቦታ አሮጌ ባቡር፣ ማሽን ወይም መዝገብ ለሚጠብቅ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነውና።

መጀመሪያ የመጀመሪያው ሳምንት። የሟቹን የሥራ ጠረጴዛ ማንም እንዳይነካው ይደረግ። አክብሮት መስሎት አቧራውን የሚጠርግና ዕቃውን የሚደረድር ሰው ከሌባ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል፤ አንድ ላይ የተቀመጡ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቦታ የተፈቱ ናቸውና። ጠረጴዛው ከላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዱ መሳቢያም ተከፍቶ ከጎኑ ማስመሪያ እየተደረገ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ በኋላ ዕቃው በየክምሩ ለየብቻ ወደ ከረጢት ይግባና ቁጥር ይሰጠው። ቁጥሩ የሚጻፍበት ነገር ራሱ ጣጣ አለው። ተለጣፊ ወረቀት በድሬ ሙቀት ማጣበቂያው ደርቆ ይረግፋል፤ በሽቦ የታሰረ ምልክት ይዝጋል፣ ቀለምም ይፍቃል። ጋሼ የሚጠቀሙት በጥጥ ክር የታሰረ ወፍራም ካርቶን ነበር፤ ጽሑፉ በእርሳስ። የእስክርቢቶ ቀለም ዘይት ሲነካው ይሟሟል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ከቤት ውጭ ለሚቆመው ደግሞ ቁጥር የተመታበት ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ።

ቤተሰቡ ጋ ከሰልስት በፊት ስለ ዕቃ መሄድ ነውር ነው፤ ከአርባው በኋላ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል፣ ቤት ተጠርጎ ዕቃው ወጥቶ ይጠብቃል። በመካከሉ፣ ቤተሰቡን በሚቀርብ ሰው በኩል መሄድ ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት የሙዚየሙ ዕቃ መኖሩ፣ ሙዚየሙ ውስጥም የራሱ መሣሪያ መኖሩ የማይቀር ነው። በሁለት ቅጂ የርክክብ ሰነድ ይጻፍ፤ የዕቃው መግለጫ፣ ቁጥር፣ ያለበት ሁኔታ፣ የሰጪና የተቀባይ ፊርማ። የግል መሣሪያው በስጦታ ካልተሰጠ ይመለስ። ቢያስፈልገንም ይመለስ። ይህን ያላደረገ ተቋም ከዚያ በኋላ ከማንም ባለሙያ ቤት አንዲት ቺያቬ (የብሎን መፍቻ) አያገኝም።

ስለ ሰውየው ጥቂት። በወጣትነታቸው ሽመንደፈር (የምድር ባቡር ኩባንያው) ወርክሾፕ በተለማማጅነት ገቡ፣ ቶርኖ (ብረት አሽከርክሮ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ሠሩ፣ በኋላ ወደ ሎኮሞቲቭ ጥገና ተዛወሩ፣ ጡረታም የወጡት ከዚያው ነው። የሠሩበት መስመር ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰው፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የአሮጌው ዕቃ እሱ ላይ አይሄድም። ስለዚህ አሮጌው ጊቢ ውስጥ ላለ ነገር መለዋወጫ ከየትም አይመጣም። ወይ ከሌላ ሙት ባቡር ይፈታል፣ ወይ ይቶረናል፣ ወይ እንዳለ እንዳይጠፋ ይጠበቃል። ጋሼ ሦስተኛውን ነበር የሚመርጡት። ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠምን እንደ መጨረሻ አማራጭ ነው የሚያዩት፤ ሲያደርጉትም ከየት እንደተፈታ ሳይጽፉ አያልፉም።

አሁን ወደ ብረቱ። የቆመ ባቡር የሚጎዳው በዝናብ ብቻ ነው የሚል እምነት አለ፤ ድሬ ደረቅ ነው፣ ብረቱ አይዝግም ይባላል። አይደለም። የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ያልተቀባ ብረት መዛግ ይጀምራል፤ ጨውና ጥቀርሻ ያለበት አቧራ ከሸፈነው ደግሞ ከዚያ በታችም ይዝጋል። ለዚህ ነው ጋሼ ሥራቸውን በዘይት ሳይሆን በብሩሽ የሚጀምሩት። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፤ አቧራ መምጠጫ ካለ በእሱ፤ ከዚያ በነጭ ጋዝ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ። ቤንዚን ክልክል ነው፤ ትነቱ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ያለው ውሃም እንዲሁ። ውሃው በላሜራ መገጣጠሚያና በኩሽኔታ (ዘንግ ተደግፎ የሚሽከረከርበት ክፍል) ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ ንጹሕ የመሰለው ብረት ከወራት በኋላ ከውስጥ አብጦ ይገኛል። ለበዓል ወይም ለእንግዳ ተብሎ የሚደረግ እጥበት ከዓመት ሙሉ አቧራ የበለጠ ያበላሻል።

ላስቲክ ሌላው ጠላት ነው። ሎኮሞቲቭን በላስቲክ ሸራ ሸፍኖ ማሰር ጥበቃ ይመስላል፤ ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ላብ ይሠራል፣ ብረቱም ቀንና ሌሊት እርጥብ ሆኖ ያድራል። የሚሻለው ጣሪያ ነው። ጣሪያ ከሌለ የጨርቅ ሸራ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከብረቱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁለቱም ጫፍ ለነፋስ ክፍት ሆኖ ይወጠር።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከሆነ ቅድሚያው ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን) እና የጭሱ ክፍል ነው። ከውስጥ የቀረ አመድና ጥቀርሻ ድኝ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆንና ቱቦዎቹን ከታች ጀምሮ ይበላል። ስለዚህ አመዱ እስከ ጥጉ ይጠረግ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ዝናብ የማያስገባ አየር ግን የሚያሳልፍ ክዳን ይደረግ። ለቦይለሩ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የታችኛውን ማፍሰሻና የማጠቢያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከፍቶ አየር እንዲዘዋወርበት መተው ነው፤ አይጥና ተርብ እንዳይገባ ቀዳዳው በወንፊት ይሸፈን። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ አድርቆ ማሸግና በውስጡ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) በሰፋፊ ሳህን ማስቀመጥ ነው፤ ለ1 ሜትር ኩብ 2.5 ኪሎ ገደማ። ሰማያዊው ዓይነት ወደ ሮዝ ሲለወጥ ጠግቧል ማለት ነውና 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ደርቆ ይመለሳል፤ መርዛማ ስለሆነ በጓንት ይያዝ። የሚከፋው ግማሽ በግማሽ ነው፦ አንዱን ቀዳዳ ከፍቶ ሌላውን መዝጋት። ያኔ እርጥበት ይገባል እንጂ አይወጣም። ጋሼ ክፍቱን መንገድ ነበር የሚመርጡት፤ የታሸገውን በየጊዜው ሄዶ የሚያይ ሰው እንደማይኖር ስለሚያውቁ። ትክክል ነበሩ።

ለጎብኚ ፊሽካ ለማሰማት ብሎ አሮጌ ቦይለር ውስጥ ኮምፕረሰር የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። ይህ ድርጊት ሰው ይገድላል። ቦይለር በብቁ መርማሪ እጅ የሚሞከረው በውሃ ነው፤ ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድ ያንጠባጥባል፣ የታመቀ አየር ግን ይፈነዳል። በቦይለርና በጭስ ቱቦ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ ጭረት ያለው ልባስ ካለም አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጭረት) ነው ብሎ መገመት ነው። አይላጥ፣ አይጠረግ፣ አይቦረሽ። የተቀደደው ቦታ በውሃ ረጠብ ተደርጎ በጨርቅና በቀለም ይታሸግ፣ ቦታው በሥዕል ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ማንሳቱ ፈቃድና መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

የአክስል (የመንኮራኩር ዘንግ) ኩሽኔታ ሣጥኖች የብዙ ሰው ዓይን የማያያቸው ናቸው። ዘይትና ውሃ ሲገናኙ ውሃው ከሥር ስለሚቀመጥ፣ ከላይ ዘይት መጨመር ብቻ ውሃውን ከኩሽኔታው ጋር አስሮ ማስቀመጥ ነው። በቅድሚያ የታችኛው ብሎን ይከፈት፤ ውሃው ይውጣ፤ ንጹሕ ዘይት መውረድ ሲጀምር ይዘጋ፤ ከዚያ ይሞላ። በውስጡ ያለው የሱፍ ማራሻ ደርቆ ከጠነከረ በአዲስ ሱፍ ይተካ፣ ከመግባቱ በፊትም ዘይት ውስጥ ይደር። መንኮራኩር ለዓመታት በአንድ ነጥብ ላይ ከቆመ ኩሽኔታው በዚያ በኩል ብቻ ይጎዳልና፣ ሐዲዱ ደህና ከሆነ በዓመት አንዴ ሁለቴ ሩብ ዙር ያህል ማንቀሳቀስ ይበጃል። የሞተ ባቡር ፍሬን የለውም፤ ይህን ረስተው የሚገፉ አሉ። በሁለቱም አቅጣጫ ታኮ የያዘ ሰው ይኑር፣ ፍጥነቱ ከእግረኛ አይበልጥ፣ በሁለት ፉርጎ መካከል ማንም አይቁም። እየተንቀሳቀሰ የሚጮህ ኩሽኔታ ካለ ወዲያው ይቁም፤ «ሲሞቅ ይለቃል» የሚለው አባባል ለእግር እንጂ ለብረት አይሠራም።

የተቶረነና የተወለወለ ብረት፣ እንደ መንጃ ዘንግና የቶርኖ አልጋ ያለው፣ ቀለም አይቀባም። ብዙዎች ግሪስ በወፍራሙ ይለድፉበታል። ድሬ ላይ ያ ግሪስ በአንድ ወቅት ውስጥ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጋሼ በጣም ቀጭን ዘይት ይቀቡና በደረቅ ጨርቅ መልሰው ይጠርጉታል፤ የሚቀረው ወዝ ብቻ ነው። ለማይንቀሳቀሰው ሰም ይበልጣል። በሦስት ወር አንዴ ይታያል፣ ከክረምቱ በፊትና በኋላ ደግሞ ሳይታለፍ።

ያልተነቃነቀ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀው ማሰሪያ) ሲገጥም የሚያቻኩል ሰው ቺያቬው ላይ ቱቦ ያስረዝማል፤ ብሎኑ ይቆረጣል፣ የሚተካውም የለም። የጋሼ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ክሩ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይጠጣል፣ ያድራል፤ በማግሥቱ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። እምቢ ካለ እንደገና ያድራል። እሳት የሚጠቀሙት ዳዶውን ብቻ ለማሞቅ ነው፣ ብሎኑን አይደለም፤ ዘይትና ቀለም ባለበት አካባቢ ጭራሽ አይለኩሱም። የአሮጌ ፈረንሳይ ብሎን ውፍረቱ ከዛሬው ጋር አንድ ሆኖ የክሩ ርቀት ሊለያይ ስለሚችል፣ አዲስ ዳዶ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ካልሄደ በግድ አይግባ። የክር መለኪያ ይያዝ።

ቀለምን በተመለከተ ከጋሼ ጋር የማይስማሙ ነበሩ። አሮጌውን ፍቆ በአዲስ ቀለም ማብረቅረቅ ለፎቶ ያምራል። እሳቸው ግን አሮጌው ቀለም ራሱ መዝገብ ነው ባይ ናቸው፤ ከሥሩ የቀድሞ ቁጥርና ጽሑፍ ይገኛልና። ከመቀባት በፊት 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት በውሃ በረጠበ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በየደረጃው ይወጣል፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ያ መስኮትም ሳይቀባ ይተዋል። አሮጌ ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይታሽም፤ ማስክ ይደረግ፣ ውሃው በጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ለብቻው ይወገድ። የናስ የስም ሰሌዳዎች ደግሞ በየሳምንቱ ሲወለወሉ ፊደላቸው ይጠፋል፤ አንዴ አጽድቶ ሰም መቀባት በቂ ነው። እውነተኛው ሰሌዳ ተፈትቶ ቁልፍ ባለበት ይግባ፣ ውጭ ቅጂው ይንጠልጠል። ናስና መዳብ የት እንዳለ ቆራሌው ከእኛ በፊት ያውቃል።

ወረቀቱ ሌላ ዓለም ነው፤ ጋሼም እዚህ ላይ ብዙ አልደፈሩም፣ ብቻ ከመጣል አዳኑት። ጠንካራዎቹ የካርቶን ትኬቶች፣ የጥገና መዝገቦች፣ ሥዕሎች። ድሬዳዋ ላይ የወረቀት ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ ምስጥ፣ ፀሐይና ጎርፍ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማዋን እንዴት እንዳደረጋት የሚያስታውስ ሰው መዝገብ መሬት ላይ አያስቀምጥም። የታችኛው መደርደሪያ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከወለል ከፍ ይበል፣ የማይተካውም ከወገብ በላይ ይቀመጥ። መደርደሪያው ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ምስጥ የአፈር ቱቦውን ሲሠራ የሚታየው ያኔ ነው። የዛገ የወረቀት ማያያዣ ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ ገብቶ ተነስቶ ይወገድ፣ አይጎተት። ሰማያዊዎቹ የምሕንድስና ሥዕሎች ብርሃን ያደበዝዛቸዋል። ለሌላ አሮጌ ወረቀት የሚመከረው አልካላይ የታከለበት መጠቅለያም ያጠፋቸዋል፤ ለእነሱ አሲድም አልካላይም የሌለበት ተራ ንጹሕ ወረቀት ነው የሚሻለው። በስካነር ሲቀዱ ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከጊቢው ውጭ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን በሕይወት ያሉትን መቅዳት ነው። ከጋሼ ጋር የሠሩ ዛሬም «ከዚራ» በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ቡና ሲጠጡ ይገኛሉ። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ «ስለ ሥራዎ ይንገሩን» ማለት የሚያመጣው ንግግር ነው፣ ዕውቀት አይደለም። ማሽኑ ጋ ይወሰዱ፣ እጃቸው ይነካው፤ እጅ ሲነካ አፍ ያስታውሳል። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ መጀመሪያ የሚበላሸው የቱ ነው? ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል? ይህን ሲፈቱ እጅዎን የት ያደርጋሉ? ከ45 ደቂቃ አይበልጥ፣ በሁለት መሣሪያ ይቀዳ፣ ማይክሮፎኑ ደረት ላይ ይሁን። ዕድሜውን ወርክሾፕ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ጆሮው ስለሚከብድ ፊቱ ታይቶ በቀስታ ይጠየቅ እንጂ አይጮህበት። ድሬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ሊያልቅ ይችላል፣ መሐሉ ላይ ፈረንሳይኛ ገብቶ። ይቀዳ እንዳለ። አስተርጓሚ አቋርጦ እንዲያስተካክል አይፈቀድለት። በኋላ ሲጻፍ በአራት ዓምድ ይሁን፦ ሰውየው የጠራበት ስም፣ በሥዕሉ ላይ ያለው የፈረንሳይኛ ስም፣ የዕቃው ቁጥር፣ ፎቶው። ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ፤ ስለ አደጋ ሲነሳ የተጠቀሱ ሰዎች ቤተሰብ ያላቸው መሆኑ አይረሳ፣ ያ ክፍል ተለይቶ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ የሚያበላሸው ቀንና ሰዓት ነው። የኩባንያው መዝገቦች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሠራተኛው የሚናገረው በእኛው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰበት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1902 በእኛ 1895 ነው፤ አንዱን ወስዶ ዓ.ም. ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ሰባት ዓመት አዛነፈ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማና ከዚያ በኋላ ያለው ልዩነትም አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ሰባት፣ በኋላ ስምንት። ሰዓቱ የባሰ ነው። ሽማግሌው «በ2 ሰዓት ይነሳል» ሲሉ መዝገቡ 8 ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁልጊዜ ሁለቱም ይጻፉ፣ የቱ ከምንጩ እንደተወሰደ ምልክት ይደረግበት።

የመታሰቢያው ሰሌዳ አጭር ይሁን። ስሙ ቤተሰቡ በሚጽፍበት ፊደል፣ የሠሩበት ክፍል፣ ያዳኑት ዕቃ በቁጥሩ። «ታታሪ»፣ «ቅን» የሚሉ ቃላት ማንንም ከማንም አይለዩም፤ «የዚህን ቶርኖ ማርሽ ከቆሻሻ ክምር ለይተው መልሰው የገጠሙ» የሚለው ግን የአንድ ሰው ነው። ቀኑ ከሰነድ ካልተረጋገጠ ይቅር። ሰሌዳው ባቡሩ ላይ በብሎን አይመታ፤ ለብቻው በቆመ እግር ላይ ይሁን። የሚያስታውሱትን ሰው ሥራ በመሰርሰሪያ መብሳት አይገባም።

ተተኪውን በሚመለከት፣ አዲስ በጎ ፈቃደኛ በመጀመሪያው ወር ብሩሽና መዝገብ ብቻ ይያዝ፤ ቺያቬ በኋላ። ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፣ ሁለተኛው ስብስብ ከጊቢው ውጭ። እያንዳንዱ ሥራ ቀን፣ የተሠራበት ዕቃ ቁጥር፣ የታየው፣ የተደረገው፣ የገባው ዘይት ዓይነትና መጠን፣ የሠራው ሰው ፊርማ ተብሎ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ማንም ያላወቀው ብረት ሲገኝ አይጣል፤ «ያልታወቀ» ተብሎ የተገኘበት ቦታ ይጻፍበትና ፎቶው ታትሞ ለአሮጌ ሠራተኞች ይዞርላቸው። ጋሼ ከተዉት ሣጥን ውስጥ እስካሁን ያልታወቀ አለ፤ የታወቀውም ብዙው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።